«ታይቷል» ያልኳቸው ሠላሳ ስምንት መጻሕፍት

የካቲት 10፣ 2007 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። እንጅባራ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ሠላሳ ስምንቱንም አልጨረስኳቸውም። አንዱንም።

ይኸው ጻፍኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ የደበቅኩትን፣ ለአንቺ ለደብተሬ።

ከመ/ቤት አሁን መግባቴ ነው። ጫማዬን አላወለቅኩም። ከዳንግላ ከመጣሁ ሁለተኛ ወር ያዝኩ። አሮጌ ፋይል ለመለየት፣ ለሦስት ወር፣ በውሰት። ሰውም እንደ መጽሐፍ በውሰት ይሄዳል።

ዛሬ 38ኛውን ለጠፍኩ። ኔትወርክ ፍለጋ ከግቢ ወጥቼ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ቆሜ፣ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቼ። ብሎጉ «የታከለ መደርደሪያ» ይባላል። ዳንግላ ያለው የኮምፒዩተር ባለሙያችን ነው የከፈተልኝ። ስላነበብኳቸው መጻሕፍት እጽፋለሁ። ዘንድሮ ደግሞ «ሃምሳ በዓመት» የሚሉት የንባብ ቻሌንጅ ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛ ነኝ። ከቤቱ ርቆ እንኳ አላቋረጠም እያሉ ያሞግሱኛል። ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው። የሁሉም መጨረሻ ምዕራፍ አልተነካም። ቅጠሉ እንደ አዲስ ነው።

እንዴት እንደጀመረ ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እጁ የሚለምደው ቃል አለ። ደብዳቤ ይገባል፣ ኃላፊው ገረፍ ያደርገዋል፣ ጥጉ ላይ «ታይቷል» ተብሎ ቀን ይጻፍበታል። ተነበበ ማለት አይደለም። ታየ ነው። እኔም ከየመጽሐፉ ሥር «ታይቷል» ብዬ ቀን ጻፍኩ፤ ልማድ ነው። ቻሌንጁን የሚመሩት ግን «አንብቦ ጨርሷል» ብለው ቁጥር ሰጡኝ። ላርም ስል ሦስት ሰው እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። ሳላርመው ቀረሁ። ከአምስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ግን «ተነቧል» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም ቃሉን የቀየረው።

የካቲት 11፣ ረቡዕ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከፋይል ክምር ኋላ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

መልእክት መጣልኝ። ወ/ሮ ብርቱካን ይባላሉ፣ የጫግኒ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ጌትነት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከጥር ወዲህ ተኝተዋል። እኔ ኅዳር ላይ ስለ «የጣውላው ቤት» የጻፍኩትን አይተው፣ ልብ ወለዱን አስመጥተው፣ በየቀኑ ያነቡላቸዋል።

ታሪኩ ይኸ ነው። አንድ አናጢ ታሞ ይተኛል፣ ሴት ልጁ ታስታምመዋለች። እኔ የጻፍኩት፦ «አናጢው ከአልጋው ይነሣል፣ መጋዙንም ይይዛል። ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ሳትፈሩ አንብቡለት።»

ሳትፈሩ። ማን ነው እሱ ሳትፈሩ የሚል።

ያነበብኩት እስከ ገ. 214 ነው። መጽሐፉ 231 ገጽ አለው። ገ. 214 ላይ አናጢው ቀና ብሎ መጋዜን አምጡልኝ ይላል። እዚያ ከደንኩት። ተነሣ ብዬ ደመደምኩ። የቀሩት 17 ገጾች ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም።

ወ/ሮ ብርቱካን ገ. 160 ደርሰዋል። ሰውየው አልበላም ሲሉ «አናጢው እስኪነሣ እንኳ ብላ እንጂ» እያሉ ያጎርሷቸዋል። ይህንን ለምስጋና ብለው ነው የጻፉልኝ። እግዜር ይስጥልን ይላሉ።

ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ፋይል በተሳሳተ ዓመት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ እንደገና አወጣሁ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ለምን እንደማልጨርስ ካልጻፍኩ ይኸም ደብተር ግማሽ ውሸት ይሆናል።

ሚስቴ የሺ በታመመች ጊዜ አነብላት ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል የቀረሁ ሰው፣ እሷ ፊደል ያልቆጠረች። ታሪክ ግን የምትሰማው እንደሷ ያለ አላየሁም፤ ስሕተቴን ታርመኝ ነበር። «ሰውየው ቅድም በቅሎ ነበር የያዘ፣ ፈረስ ከየት አመጣ?» ትላለች። ገጹን ሳገላብጥ እውነቷን ነው፤ ዘልያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ ጥቂት ቅጠል ቀረው። ጨርስልኝና ልተኛ አለች። ጨረስኩላት። ተኛች። በዚያው ቀረች። አራት ዓመት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በቀኝ እጄ ያለው ቅጠል ሲሳሳ መዳፌን ያልበዋል። ክድን አደርገዋለሁ። እኔ ስጨርስ ሰው የሚሞት ይመስለኛል። ተጽፎ ሳየው ያሳፍራል። ሞትና ሕይወት በማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት ማታ ጸሎቴን አደርሳለሁ። እንዲያም ሆኖ እፈራለሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት

ባሰ። ሁለተኛ መልእክት። ወ/ሮ ብርቱካን ጫግኒ አይደሉም። ባለቤታቸው እዚሁ እንጅባራ ሆስፒታል ከተኙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። «እርስዎም ለሥራ እንጅባራ እንዳሉ ብሎግዎ ላይ አየሁ። ቢጠይቁልኝ ደስ ይለዋል።» ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ሥራ በዝቶብኛል፣ ሳምንት እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አልበዛብኝም። በጾም የዋሸሁት ነው፤ የሠላሳ ስምንቱን ሳልጨምር።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። ዳንግላ

«የጣውላው ቤት» እዚህ ቤቴ ስለቀረ ልወስደው መጣሁ። በሚኒባስ። አዲስ ቅዳም ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ከሰል ሲጭኑ ግማሽ ሰዓት ቆምን፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይነጫነጫል። እኔ በቆምን እያልኩ ነበር።

ቤቱ ታፍኖ ከርሟል። መስኮት ከፈትኩ። አረንጓዴ ሽፋኑ ከሩቅ ታየኝ። ገ. 214 ላይ የአውቶቡስ ትኬት አድርጌበታለሁ። ቆሜ አየሁት። አልከፈትኩትም። በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ፎጣው ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 15፣ እሑድ። ማታ 12 ሰዓት፣ እንጅባራ

ዳንግላ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። ሁሉንም። የሺን ጭምር።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ብሎግ ምንድን ነው አሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሰሌዳ ነው አልኩ። ከዚያ፣

«ቅዳሴውንስ ሳያልቅ ነው እንዴ የምትወጣው?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ቅዳሴስ እስከ ‹እትዉ በሰላም› ነው የምቆመው።»

«ታዲያ ምእመኑ ሞቶ አልቆ አላየሁም።»

ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እሳቸውም ኮስተር አሉ። ሞትን በገጽ ቁጥር እንድታዝ ማን ሾመህ አሉኝ። ይህን ነገር እንደ ቀላል አትየው፣ ከእምነት ውጭ ነው አሉ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰጡኝም። መጽሐፉን ጨርሰው፣ የታመመውን ሰው ሄደህ ጠይቅ፣ ለዋሸሃቸው ሁሉ እውነቱን ንገር አሉኝ። በቃ።

ስግደቱ ይሻለኝ ነበር። አርባ አርባ ቢሆን እንኳ።

የካቲት 16፣ ሰኞ። ኪዳነ ምሕረት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀን በብርሃን ከፈትኩት። በሩን ክፍት አድርጌ፣ ሰው እንዲታየኝ። የቤቱ ባለቤት ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። ገ. 215። 216። መዳፌን በሱሪዬ እየጠረግሁ።

ገ. 219 ላይ ገባኝ። አናጢው መጋዙን የጠየቀው ለራሱ ሣጥን ጣውላ ሊቆርጥ ነው። የሬሳ ሣጥን።

ከደንኩት።

«ሳትፈሩ አንብቡለት» ብያለሁ። ለታመመ ሰው። እንዲህ ያለውን። እመቤቴ፣ ምን አደረግሁ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 12 ሰዓት

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሼ በሦስተኛው ገባሁ።

ክፍሉ ሦስት አልጋ አለው። አንዱ ባዶ ነው። በመስኮቱ በኩል የዘንገና ገበሬ የሆኑ አዛውንት ተኝተዋል፤ አማርኛ ብዙም አይሰሙም፣ ትልቋ ልጃቸው በአገውኛ እያስተረጎመች ታስታምማቸዋለች። ወዲህ አቶ ጌትነት። ሁለት ጋቢ ደርበው አፍንጫቸው ብቻ ይታያል። ወ/ሮ ብርቱካን ተነሥተው ሳሙኝ። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ዓይናቸው ያበጠ። ሲጣሉ ነበር የደረስኩት፤ ሰውየው ወተት በጾም አልጠጣም ብለው። ቄሱ ፈቅደውልሃል ይላሉ እሳቸው። ቄሱ የፈቀዱት ለበሽተኛ ነው፣ እኔ የበረደኝ ሰው ነኝ ይላሉ ሰውየው። «የጫግኒ ሰው እኮ በዚህ አገር ሳይታመምም ይሞታል።»

ወ/ሮ ብርቱካን መድኃኒት ሊያመጡ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ፣

«አያ ታከለ፣ መጽሐፉን አልጨረሱትም አይደል?» አሉኝ።

ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት አወቁ አልኩ።

«እኔ የጆንያ አፍ አይቼ ገዝቼ አላውቅም። አፉ ላይማ ሁሉም መልካሙን ያደርጋል። ከታች ወግቼ ነው የማይ። መጽሐፉ የገባ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻዋን ቅጠል ነው።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«ደግሞ አልዋሹም። ሰውየው ተነሥቷል። መጋዝም ይዟል።» ሳቁ። ሳሉ እስኪለቃቸው ድረስ ትራሱን ይዤላቸው ቆምኩ።

ከዚያ እጄን ያዙ። ሐሙስ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጽፎላቸዋል። የመጽሐፉን መጨረሻ ለባለቤታቸው እንዳልነግር ለመኑኝ። «እሷ የቆመችው በዚያ አናጢ ነው። እሱ ከወደቀ እሷም አትቆምልኝ።» እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን ሳላውቀው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ። ከቀኑ 9 ሰዓት

የንስሐ አባቴ ንገር አሉ። የታመመው ሰው አትንገር አሉ። ሁለቱንም እሺ ብያለሁ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ትናንት ሰውየው ሲለምኑኝ ፍርሃቴ ደስ አለው። አየሽ፣ ምሕረት መስሎ መጣልኝ። ለሳቸው ብዬ ነው የምዋሸው ማለት እችል ነበር። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ወ/ሮ ብርቱካን ጻፉ። ገ. 205 ደርሰዋል። ድምፃቸው ተዘግቷል። መኪናው ነገ 6 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሳንጨርሰው መሄድ አልፈልግም፣ 3 ሰዓት ላይ መጥተው ያንብቡልን ይላሉ። «የሚነሣበትን እርስዎ ቢያነቡት ይሻላል።»

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። የታመመ ልጠይቅ ነው አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው።

10 ሰዓት ተኩል

ሐሳብ መጣልኝ፤ ክፉ ሐሳብ። መጽሐፉ «ሣጥን» ነው የሚለው። «የሬሳ» አይልም፤ ከነገሩ ነው የሚገባሽ። ሳነብ አንዲት ቃል ብጨምር «ቁም ሣጥን» ይሆናል። አናጢው ተነሥቶ ለልጁ ቁም ሣጥን ሠራላት። በቃ። በዚህ የሚጎዳ የለም። ሦስት ቦታ ላይ «ቁም» እላለሁ፣ የቀረውን እዘላለሁ። መዝለል እንደሆነ አውቅበታለሁ።

ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ያምራል። ያስፈራኝም ማማሩ ነው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ። ከቀኑ 9 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ሳይጠፋኝ።

3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዕቃቸው ታስሯል። ወ/ሮ ብርቱካን የራሳቸውን መጽሐፍ ሰጡኝ፤ ጠርዙ ዘይት ነክቶታል። አቶ ጌትነት ዓይኔን ዓይኔን ያያሉ። ከ205 ጀመርኩ። የዘንገናው አዛውንት ወደኛ ዞሩ፤ ልጃቸው ቀስ እያለች ታስተረጉምላቸው ጀመር።

ገ. 214። መጋዜን አምጡልኝ። ወ/ሮ ብርቱካን ባላቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉ። «ይኸው። ምን አልኩህ።»

215። 216። 217። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። 219 ላይ «ሣጥን» የምትለው ቃል መጣች። አፌ «ቁም» ሊል ተዘጋጅቷል። ቀና ስል የሰማሁት የልጅቷን አገውኛ ነው፤ የኔን ቃል አንድ በአንድ ለአባቷ እያደረሰች። ውሸቴን ተሸክማ ልትሄድ ነው፣ ወደማላውቀው ቋንቋ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ወ/ሮ ብርቱካን ሆይ፣ እኔ ይህን መጽሐፍ ሳልጨርስ ነው የጻፍኩት አልኩ። ከ214 ወዲያ አላነበብኩም ነበር። ሰውየው ተነሣ ያልኩት በግምት ነው። የሚሠራው ሣጥን ለራሱ ነው። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ወ/ሮ ብርቱካን ወደ ባላቸው ዞሩ። አቶ ጌትነት ግድግዳውን ያያሉ።

«አንተስ?»

«የመጨረሻዋን ቅጠል አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«የገባ ዕለት።»

ከዚያ ወ/ሮ ብርቱካን ሳይጮሁ፣ «ለካ ብቻዬን ነው የከረምኩት» አሉ።

«ፈርቼ ነው፣ ብርቱካን።»

«እኔስ?»

እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደዱ። ባላቸው ያዙት። እኔ ተነሥቼ ልወጣ ስል «ወዴት ነው?» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። «ይጨርሱት እንጂ።»

ጨረስኩት። ገ. 220፣ 225፣ 230። ቃል አልጨመርኩም፣ አልዘለልኩም። አናጢው ሞተ። ሣጥኑ በስንዝር ረዝሞበት ልጁ ትርፉን በሰጋቱራ ሞላችው። የመጨረሻዋ ቅጠል ላይ ስደርስ በቀኝ እጄ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ሽፋን ብቻ። ቀና ብዬ አቶ ጌትነትን አየሁ። ደረታቸውን አየሁ። ይተነፍሳሉ።

አዛውንቱ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ አፈረች። «ሣጥኑ ልኩ አልሆነለትም ወይ ነው የሚሉ።»

«በስንዝር ረዝሟል» አሉ አቶ ጌትነት።

ተተረጎመላቸው። አሰቡበት። «ከሚያጥርስ» አሉ፤ ይህችን በአማርኛ። ወ/ሮ ብርቱካን መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ነው ያለቀሱት።

መኪናው መጣ። አቶ ጌትነትን ደግፈን አወረድን። ወተቱን በላስቲክ ይዘውላቸዋል፤ መንገድ ላይ እጠጣዋለሁ አሉ። ወ/ሮ ብርቱካን አላመሰገኑኝም። ያንን የጻፉትን ያንሡት፣ ሌላም ሰው ያምንዎታል ብለውኝ በሩን ዘጉ።

አሁን መኪናው ባሕር ዳር ገብቶ ይሆናል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስለኛል። ጨርሼዋለሁና።

10 ሰዓት ተኩል። አጥሩ ሥር

ኔትወርክ ሁለት መስመር አለው። ስለ «የጣውላው ቤት» የጻፍኩትን አነሣሁት። ቀጥሎ ይህን ጻፍኩ፦

«ለንባብ ወዳጆቼ። ዘንድሮ ተነበቡ ያልኳቸው 38 መጻሕፍት አንዳቸውም እስከ መጨረሻ አልተነበቡም። የጻፍኳቸው መጨረሻዎች ግምት ናቸው። በእኔ ቃል ለታመመ ሰው ያነበባችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጨረሻውን ራሳችሁ እዩት። ከቻሌንጁ ቁጥሬን ሰርዙልኝ። ዛሬ አንድ ጨርሻለሁ። ታከለ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ። ጣቴ ላይ ላብ ነበር፤ ስልኩ አልሰማኝ አለ። በሱሪዬ ጠርጌ እንደገና ነካሁት።

ሄደ።